ደም ስር የሚያሰፉ መድኃኒቶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ በየቀኑ የምሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ደም ስር የሚያሰፋ መድኃኒት ማለት ምን ማለት ነው?

ደም ስር እንደ ብረት ቧንቧ ደረቅ ነገር አይደለም። ግድግዳው ውስጥ ጡንቻ አለ። ጡንቻው ሲኮማተር ስሩ ይጠባል፤ ሲላላ ይሰፋል። ብርድ ሲመታን፣ ስንደነግጥ፣ ስንናደድ ይጠባል። ሙቅ ውሃ ስንታጠብ ደግሞ ይሰፋል፤ ፊታችን የሚግለው ለዚህ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት ያንን ጡንቻ በማላላት ነው። ስሩ ሲሰፋ ደም በቀላሉ ያልፋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ልብም ሥራው ይቀልለታል።

እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ነገሩን በጎማ ማስረዳት ይቀለኛል። በቀጭን ጎማ ሮቶ ለመሙላት ሌሊቱ አይበቃም። በወፍራሙ ከሆነ ቶሎ ይሞላል። ልዩነቱ ግን ከምናስበው በላይ ነው። የቱቦው የውስጥ ወርድ (ዳያሜትሩ) በግማሽ ሲቀንስ የሚያልፈው ፈሳሽ በግማሽ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው። በዚያው ግፊት የሚያልፈው አንድ አስራ ስድስተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ስሩ በጥቂቱ እንኳ ሲሰፋ ልብ ትልቅ እፎይታ ያገኛል።

ደም ማቅጠኛ ከሚባለው ጋር አንድ ነው?

አይደለም። እንደ አስፕሪንና ዋርፋሪን ያሉት ደም እንዳይረጋ ነው የሚከላከሉት። ስማቸው ደም ማቅጠኛ ይሁን እንጂ ደሙን አያቀጥኑትም። ደም ስር የሚያሰፉት ደግሞ ደሙን አይነኩም፤ መንገዱን ነው የሚከፍቱት። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፦ የሚያሸናው። ፉሮሰማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትርፍ ውሃና ጨው በሽንት ያስወጣሉ።

ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። አንዲት እናት ጥርስ ሊያስነቅሉ አስበው «ደም ማቅጠኛ ነው፣ ይደማኛል» ብለው ደም ስር የሚያሰፋውን የግፊት ኪኒናቸውን፣ አምሎዲፒንን፣ ለአንድ ሳምንት አቆሙ። የጥርስ ሐኪሙ ጋ ሲደርሱ ግፊታቸው እጅግ ወጥቶ ስለተገኘ ጥርሱ ሳይነቀል ተመለሱ። አምሎዲፒን ደም አያፈስም። ለጥርስ ተብሎም አይቆምም።

የሚታዘዘው ለግፊት ብቻ ነው?

ብዙ ሰው የሚወስደው ለደም ግፊት ነው። ግን ሌላም ብዙ ሥራ አለው። ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ደረቱን ጨምቆ የሚይዘው፣ አረፍ ሲል ደግሞ የሚለቀው ሰው አለ። የልቡ ስሮች ጠበው በቂ ደም ሳያገኝ ቀርቶ ነው፤ ለእሱ ይታዘዛል። ልባቸው ደክሞ መግፋት ያቃታቸው ሰዎችም ይወስዱታል። መንገዱ ሲከፈትለት የደከመ ልብም የተሻለ ይገፋል። ፕሮስቴታቸው አብጦ ሽንት ለሚቸግራቸው አባቶች የሚታዘዘው ዶክሳዞሲንም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ለፀጉር የሚቀባው ሚኖክሲዲል ሳይቀር መጀመሪያ የግፊት ኪኒን ነበር። የወሰዱት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ ታይቶ ነው ወደ ቅባትነት የተቀየረው።

አንዱን ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ስር ውስጥ ግፊት የሚጨምርባቸው ሰዎች አሉ። ከልብ ችግር ጋር የተወለዱ ሕፃናትም ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ለዚህ ከሚታዘዙት አንዱ ሲልደናፊል ነው፤ ሰው ለስንፈተ ወሲብ ብቻ የሚያውቀው። አንዲት እናት ለልጇ የታዘዘውን ወረቀት ይዛ መጥታ፣ ስሙ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ዞሮ አያት። አንገቷን ደፋች። የልጇን ሳንባ ስር የሚያላላ መድኃኒት ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

እኔም ጎረቤቴም ግፊት አለብን። ለምን የተለያየ መድኃኒት ሰጡን?

ውጤቱ አንድ ቢሆንም እያንዳንዱ የሚከፍተው በር ይለያያል። የስሩ ጡንቻ እንዲኮማተር ካልሲየም ወደ ውስጡ መግባት አለበት። አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን ያንን መግቢያ ይዘጋሉ። ኤናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል ሌላ መንገድ አላቸው። ሰውነታችን አንጂዮቴንሲን የሚባል ስር የሚያጠብና ጨው የሚያስቀር ንጥረ ነገር ይሠራል፤ እነሱ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ሎሳርታን ንጥረ ነገሩ ከተሠራ በኋላ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ፕራዞሲንና ዶክሳዞሲን ከነርቭ የሚመጣውን «ጠበብ በል» የሚል ትእዛዝ ያግዳሉ። ሃይድራላዚን ትንንሾቹን ደም ቅዳዎች (ደም ከልብ የሚያወጡትን ስሮች) በቀጥታ ያላላል። እንደ ናይትሮግሊሰሪን ያሉት ናይትሬቶች ደግሞ በይበልጥ ደም መልሶቹን (ደም ወደ ልብ የሚመልሱትን ስሮች) ያሰፋሉ።

ሐኪሙ የሚመርጠው ሌላ ምን እንዳለብዎት አይቶ ነው። ስኳር ኖሮብዎት ሽንትዎ ውስጥ ፕሮቲን ከተገኘ ኤናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ኩላሊትዎን ስለሚጠብቅ ይመረጣል። ጎረቤትዎ ያ ችግር የለባት ይሆናል። አንዳንዱ ሰው ሁለት ዓይነት ባንድ ላይ ይሰጠዋል፤ ይህ በሽታው ባሰ ማለት አይደለም። ሁለት በር በጥቂቱ መክፈት አንዱን እስኪገነጠል ከመክፈት ይሻላል።

ለዚህ ነው «የግፊት ኪኒን ስጠኝ» ሲሉኝ የምቸገረው። የትኛውን? ብዙ ሰው «ነጯን፣ ትንሿን» ይለኛል። ነጭና ትንሽ ኪኒን መደርደሪያው ሙሉ ነው። ደግሞ በሚቀጥለው ወር ከሌላ ፋብሪካ ሲመጣ ቀለሙም መጠኑም ይቀየራል። ባዶውን ማሸጊያ አይጣሉት፣ ይዘውት ይምጡ። ወይ ስሙን ስልክዎ ላይ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

አምሎዲፒን ከጀመርኩ ወዲህ እግሬ ያብጣል። ኩላሊቴ ተነካ ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። አምሎዲፒን ደም ቅዳዎቹን ያሰፋል፤ ደም መልሶቹን ግን እምብዛም አይነካቸውም። መግቢያው ሰፍቶ መውጫው እንደነበረ ሲቀር ፈሳሹ ከጥቃቅኖቹ ስሮች ወደ ሥጋው ያዣል። የስበት ነገር ሆኖ ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠራቀማል። ማታ ጫማ እምቢ ይላል፤ ጠዋት ይጎድላል። 5 ሚሊግራም ከሚወስድ ሰው ይልቅ 10 የሚወስደው ላይ ይብሳል።

የሚያሸና ኪኒን ለዚህ እብጠት ብዙም አይረዳም። ችግሩ የውሃ መብዛት ሳይሆን ውሃው ቦታ መልቀቁ ነው። ሐኪም መጠኑን ሊቀንስ፣ ወይም እንደ ኤናላፕሪል ያለ ደም መልሱንም የሚከፍት ሊጨምርበት ይችላል። ነገር ግን አንድ እግር ብቻ አብጦ የሚያምዎት ከሆነ፣ ፊትዎም ካበጠ፣ ወይም ሲተኙ ትንፋሽ የሚያጥርዎት ከሆነ አምሎዲፒኑን አይውቀሱ። ቶሎ ይመርመሩ።

ኤናላፕሪል እያሳለኝ ነው። ላቁመው?

በራስዎ አያቁሙ፤ ግን ዝም ብለውም አይቀመጡ። ኤናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪልና ካፕቶፕሪል ደረቅ ሳል ያመጣሉ። ከ100 ተጠቃሚ ከ5 እስከ 20 የሚሆነውን ሰው ይይዛል። አንጂዮቴንሲንን የሚያግዱበት መንገድ ብራዲኪኒን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር እንዲጠራቀም ያደርጋል፤ ጉሮሮን የሚኮረኩረው እሱ ነው። አክታ የለውም። በሲሮፕም አይለቅም። መድኃኒቱ ወደ ሎሳርታን ሲቀየር ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይጠፋል።

እዚህ አገር ግን አንድ ነገር መርሳት የለብንም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ቲቢ አለመሆኑ መታየት አለበት። ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ አክታ ካለ በተለይ። እና ከሳሉ በላይ የምፈራው ሌላ ነገር አለ፦ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ድንገት ማበጥ። ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚከሰተው፤ ግን ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። ይህ ከመጣ ኪኒኑን ዳግመኛ አይውጡ፣ በዚያው ደቂቃ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ከተቀመጥኩበት ስነሳ ያዞረኛል። ምን ላድርግ?

ስንነሳ ደም ወደ እግር ይወርዳል። ጤነኛ ሰው ላይ ስሮቹ ወዲያው ጠበብ ብለው ወደ ላይ ይገፉታል። መድኃኒቱ ስላላላቸው ያን ለማድረግ ይዘገያሉ፤ ጭንቅላት ለጥቂት ሰከንድ ደም ያንሰዋል። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ይበሉ። እግርዎን ያንቀሳቅሱ። ከዚያ ይነሱ። ፕራዞሲን ከሆነ የጀመሩት የመጀመሪያዋን ኪኒን ሊተኙ ሲሉ ይዋጧት፤ የምትጥለው እሷ ናት።

ረጅም ቅዳሴ ላይ መቆም፣ በጣም ሙቅ ውሃ፣ ጠላና አረቄ፣ ተቅማጥ ሁሉም ይህን ያብሱታል። ተደጋግሞ ከጣለዎት ግፊትዎን ተቀምጠውም ቆመውም ያስለኩ። ምናልባት መጠኑ በዝቶብዎት ይሆናል።

ጾም ላይ እንዴት ልውሰድ?

አምሎዲፒንና ኤናላፕሪል ከምግብ በፊትም በኋላም ይወሰዳሉ። አምሎዲፒን ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ በቀን አንዴ ይበቃል። ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር ይቻላል፤ ዋናው በየቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ነው። በቀን ሁለቴ ወይም ሦስቴ የሚወሰድ ካለዎት፣ ወይም የሚያሸና ከተጨመረበት፣ ጾሙ ሳይገባ ሐኪምዎን ያማክሩ። ለንስሐ አባትዎም ይንገሩ። የማውቃቸው አባቶች ታማሚ ኪኒኑን ይተው ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ነጭ ሽንኩርት አይተካውም? ጫትና ቡናስ?

ነጭ ሽንኩርት ግፊትን በትንሹ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ወጥ ውስጥ ይብሉት፣ ጥሩ ነው። ግን ኪኒኑን የሚተካ አቅም የለውም። ቡና ለተወሰነ ሰዓት ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ በተለይ ቡና ያለመደ ሰው ላይ። ስለዚህ ሦስት ሲኒ ጠጥተው ወዲያው አይለኩ። ጫት ግን በቀጥታ ከመድኃኒቱ ጋር ይጣላል። ውስጡ ያለው ካቲኖን ስር ያጠባል፣ ልብ ያስሮጣል። በአንድ እጅ እየከፈቱ በሌላው መዝጋት ማለት ነው።

ሰው የማይጠረጥረውን ደግሞ ልጨምር። ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚዋጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ የኤናላፕሪልን ሥራም ያዳክማሉ። ከሚያሸና ኪኒን ጋር ሲደመሩ ኩላሊት ይጎዳሉ። ለሕመም ማስታገሻ ሲመጡ የግፊት መድኃኒት እንደሚወስዱ ይንገሩን፤ ፓራሲታሞል እንሰጥዎታለን።

ከምላስ ስር የሚደረገው ኪኒን ምንድን ነው? ለምን ራስ ያሳምማል?

ናይትሮግሊሰሪን ወይም አይሶሶርባይድ ዳይናይትሬት ነው። ደረት ሲጨምቅ ከምላስ ስር ይደረጋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል። ደም መልሶቹ ሲሰፉ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል። የልብ ሸክም ይቀልላል፣ የሚፈልገው ኦክስጅንም ያንሳል። የጭንቅላት ስሮችም አብረው ስለሚሰፉ ራስ ያማል። ሕመሙ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ያሳያል፤ ለፓራሲታሞል ይመለሳል።

ታሪኩ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ናይትሮግሊሰሪንን እ.ኤ.አ. በ1847 የሠራው ጣሊያናዊው አስካኒዮ ሶብሬሮ ነው። ጥቂት ቀምሶ ራሱን ክፉኛ አመመው። አልፍሬድ ኖቤል ያንኑ ንጥረ ነገር ድማሚት አደረገው። በ1879 የለንደኑ ሐኪም ዊሊያም መሬል ለደረት ሕመም እንደሚረዳ አሳየ። ኖቤል ራሱ በስተርጅናው ልቡን ሲታመም ሐኪሞቹ ይህንኑ አዘዙለት። እንዴት እንደሚሠራ ግን መቶ ዓመት ገደማ አልታወቀም። ስሩን የሚያላላው ከመድኃኒቱ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ነው፤ ሰውነታችንም ራሱ ይሠራዋል። ይህን የደረሱበት ሮበርት ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ በ1998 ተሸለሙ። ሽልማቱ ደግሞ የኖቤል ነበር።

አጠቃቀሙ፦ መጀመሪያ ይቀመጡ፤ ቆመው ከወሰዱት ሊጥልዎት ይችላል። 5 ደቂቃ ጠብቀው ካልተሻለዎት የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውሉ። እኛ ዳር ላይ ነን፣ መንገዱም ይዘጋጋል፤ ስለዚህ አይዘግዩ። ናይትሮግሊሰሪኑን ከመጣበት ብልቃጥ አውጥተው በላስቲክ አይቋጥሩት፤ ኃይሉ ይጠፋል። በየቀኑ የሚዋጠው ዓይነት ከታዘዘልዎት ደግሞ ሐኪሙ ሌሊት ላይ ክፍተት ያደርግበታል። ያለ እረፍት ከተወሰደ ሰውነት ይለምደውና መሥራት ያቆማል። ስለዚህ ሰዓቱን አይቀያይሩ።

ግፊቴ ድንገት ሲወጣ ጎረቤቴ ኒፌዲፒን ፈርጣ ከምላስ ስር አደረገችልኝ። ልክ ነች?

በፍቅር ያደረገችው ነው፤ ግን አደገኛ ነው። ድሮ ሐኪም ቤትም ይደረግ ነበር። ቀርቷል። ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚወድቅ ለከፍተኛ ግፊት የለመደው አንጎል ደም ያጥረዋል፤ ስትሮክና የልብ ድንገተኛ ሕመም ያመጣበት ጊዜ አለ።

ቁጥሩ 180/120 ደርሶ ሌላ ምልክት ከሌለ ቁጭ ይበሉ፣ ይረጋጉ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። የዛሬውን ኪኒን ረስተው ከሆነ ይውሰዱ። ቁጥሩ ካልወረደ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይታዩ። ደረት ካመመዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ አንድ ጎን ከደከመ፣ አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ወይም ዓይን ከጋረደ ግን መድኃኒት ፍለጋ ጎረቤት አይሂዱ። በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ግፊቴ 120/80 ሆኗል። አሁን ላቁም?

በየሳምንቱ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ መልሴም እንደ መጀመሪያው ቀን ያሳስበኛል። 120/80 የሆነው መድኃኒቱ ስሩን ይዞት ነው። አምሎዲፒን ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ባቆሙ ማግስት ምንም አይሰማዎትም። «ተሻለኝ» ይላሉ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲሆን ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፣ ያኔም ምልክት ላይሰጥ ይችላል። ክብደት ቀንሰው፣ ጨው ቀንሰው፣ በእግር መሄድ ጀምረው ከሆነ መጠኑ የሚቀነስበት ጊዜ አለ። ያን ግን እየለካ ሐኪም ያድርገው። ጸበል የሚገቡም ከሆነ ኪኒኑን ይዘው ይግቡ።

አርግዣለሁ። የግፊት መድኃኒቴን ልቀጥል?

የትኛው እንደሆነ ዛሬውኑ ይታይ። ኤናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ካፕቶፕሪልና ሎሳርታን ለእርጉዝ አይሰጡም፤ የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳሉ። ስለዚህ ክትትል ቀን እስኪደርስ አትጠብቂ እህቴ፣ ጤና ጣቢያ ሄደሽ አስቀይሪ። ብዙ ጊዜ ወደ ሜቲልዶፓ ወይም ወደ ኒፌዲፒን ይቀየራል፤ ይህ የሚዋጠውና ቀስ ብሎ የሚሠራው ኒፌዲፒን ነው። ለማርገዝ እያሰብሽ ከሆነም ቀድመሽ ተናገሪ።

ከ20 ሳምንት በኋላ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን በታች ሕመም ወይም የፊት እብጠት ከመጣ እርግዝና የሚያመጣው ግፊት ሊሆን ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ ሃይድራላዚን በደም ስር ይሰጣል። በቤት የሚታከም አይደለም።

የልብ ኪኒን እየወሰድኩ የስንፈተ ወሲብ መድኃኒት መውሰድ እችላለሁ?

ይህን ጥያቄ በግልጽ የሚጠይቀኝ የለም። ሰው እስኪወጣ ጥግ ይይዛሉ፣ ከዚያ በሹክሹክታ «ያቺን ሰማያዊዋን» ይላሉ። እኔ ደግሞ የምፈልገው እንዲጠይቁኝ ነው። ሲልደናፊል መጀመሪያ የተሞከረው ለደረት ሕመም ነበር፤ በሙከራው ላይ ሌላው ውጤት ታየና እ.ኤ.አ. በ1998 ለስንፈተ ወሲብ ተፈቀደ። እንደ ናይትሮግሊሰሪንና አይሶሶርባይድ ያሉት ናይትሬቶች ስር የሚያላላውን ምልክት ይጨምራሉ። ሲልደናፊል ደግሞ ያ ምልክት እንዳይጠፋ ያደርጋል። ሁለቱ ሲገናኙ ምልክቱ ልክ ያጣል፣ ግፊት ይዘቅጣል፣ ሰው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ናይትሬት የሚወስድ ሰው ሲልደናፊልንም የእሱን ዘመድ ታዳላፊልንም አይወስድም። ለፕራዞሲንና ለዶክሳዞሲን ተጠቃሚም ያለ ሐኪም ምክር አይሆንም። አምሎዲፒን ወይም ኤናላፕሪል ብቻ የሚወስድ ሰው ብዙ ጊዜ ይችላል፤ ግን ግፊቱ ተለክቶ፣ ልቡ ታይቶ።

ችግሩ ራሱም መልእክት ሊኖረው ይችላል። እዚያ ያሉት ስሮች ከልብ ስሮች ይልቅ ቀጭን ስለሆኑ መጥበቡ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። ግፊትዎንና ስኳርዎን ይለኩ። ወጣት ከሆኑም ይለኩ።

ሲልደናፊል ወይም ታዳላፊል ከወሰዱ በኋላ ደረትዎን ይዞዎት ድንገተኛ ክፍል ከገቡ፣ መጀመሪያ የሚናገሩት መውሰድዎን ይሁን። ሐኪሙ ናይትሮግሊሰሪን ሊሰጥዎት እጁን እየዘረጋ ነው። ሲልደናፊል ከሆነ 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል ከሆነ 48 ሰዓት ሳያልፍ አይሰጥም። ያመጡዎት ሚስትዎ ወይም ልጅዎ ከሆኑና ካፈሩ «ዶክተር፣ ለብቻ» ይበሉ። ያስወጡልዎታል።